በየወሩ አዲስ የይለፍ ቃል? ኧረ በቃን!

ዛሬ ጠዋት ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ ኮምፒውተሬ «የይለፍ ቃልዎ ጊዜው አልፏል» አለኝ። አዲስ ካልፈጠርኩ መግባት የለም። ቁጥር ይኑረው፣ ምልክት ይኑረው፣ የድሮው አይደገም። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴ መለሰኝ። ሰውየው ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ሰው እንዲህ ሲማረር ምን ያደርጋል? መጨረሻ ላይ ያለችውን 6 ወደ 7 ይቀይራል። እሱም የሚጠፋበት ደግሞ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪቦርዱ ስር ይሸጉጣል። አጠገቤ ያለው ዴስክ ላይማ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። በር ላይ ቆሞ ይነበባል! ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ደህንነት?

ይበልጥ የሚያናድደኝ ነገሩ የታወቀ መሆኑ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017፣ የይለፍ ቃሉ ሾልኮ ለመውጣቱ ምልክት ከሌለ በቀር ሰውን በየጊዜው አታስቀይሩ ብሎ መክሯል። ማይክሮሶፍትም በ2019 ይህንን ግዴታ ለዊንዶውስ ከሚመክራቸው የደህንነት ቅንብሮች አውጥቶታል። የእኛ አይቲ ክፍል ግን ያንኑ የድሮውን ይዞ ቀጥሏል።

አንድ ረጅም፣ የማልረሳው ሐረግ ልምረጥ። ስልኬ ላይ የማረጋገጫ ኮድ ጨምሩበት፤ ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ። በየወሩ ግን አታሰቃዩን።