ለኮሮና የወጣችሁ፣ ለወባ የት ገባችሁ?

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁም፣ ገና ካምፓስ ያላችሁም ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ቢቆረቁራችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ያደረጋችሁትን አልረሳንም። ተማሪው ወደየቤቱ ሲሸኝ የባዶ ዶርሞች በር ለለይቶ ማቆያ ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲዎች በየላቦራቶሪያቸው ሳኒታይዘር ማምረት ያዙ። እናንተ ደግሞ ታክሲ ተራ ላይ ጀሪካን ይዛችሁ ቆማችሁ። «እማማ፣ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ» እያላችሁ ውኃ ስታፈሱ ትውሉ ነበር። ሳሙናውን ከኪሱ የሚገዛም ነበር። ሥራ ለቆመባቸው ጎረቤቶች ዱቄትና ዘይት እየሰበሰባችሁ ማዕድ አጋርታችኋል። ውጭ አገር ያላችሁትም የጭንብልና የጓንት መግዣ ልካችኋል። የሚያኮራ ሥራ ነበር፤ ይህን ሳልል ወደ ወቀሳው ብገባ ግፍ ይሆንብኛል።

ወቀሳው ይኸውላችሁ። በሽታው ጋብ ሲል እናንተም ተበተናችሁ። ያኔ የከፈታችሁት የቴሌግራም ግሩፕ አሁንም አለ፤ የሚለጠፍበት ግን የሠርግ ጥሪና የሥራ ማስታወቂያ ብቻ ሆኗል። ወባ ግን አልተበተነችም። በ2024 እ.ኤ.አ.፣ ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ፣ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው፣ ከ1 ሺህ 100 በላይ መሞታቸው ተመዘገበ። ጀሪካን ይዞ የወጣ አላየሁም።

ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኮሮና ቦሌንም ባሌንም እኩል አስፈራ፤ ስለዚህ ሁሉም ወጣ። ወባ አዲስ አበባ አትወጣም። የምትገድለው የቆላውን ሕፃንና ነፍሰ ጡሯን ነው። ያ ሕፃን ግን የማን ልጅ ነው? የእህታችሁ ልጅ ነው። አብዛኞቻችሁ ከገጠር ነው የመጣችሁት፤ ትኩሳቱ ያለውም እናታችሁ ቤት ነው።

እዚያ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ልጁ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ራሱን ያመዋል። አያት «ምች ነው የመታው» ትላለች። ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ ይታሻል፣ ጋቢ ይደረብበታል። በማግስቱ ላብ አጥምቆት ትንሽ ሲሻለው «ይኸው ለቀቀው» ይባላል። በሦስተኛው ቀን መልሶ ይጥለዋል፤ ያኔ ጤና ኬላ ለመድረስ በቃሬዛ ነው። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ቢታይና የወባውን መድኃኒት፣ ኮአርተሙን፣ ቢጀምር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። አያቲቱ ይህን በሬዲዮ ሰምታው ሊሆን ይችላል። የምታምነው ግን ሬዲዮውን አይደለም። «የተማረው ልጄ» የምትለውን ያንተን ድምፅ ነው። አንድ ስልክ ደውለህ «እማዬ፣ ዳማከሴውን ተይው፣ ዛሬውኑ ደሙ ይታይ» ብትላት ልጁን ይዛ ትነሣለች።

ይህን አመኔታ ደግሞ አባክነነዋል። በዚያ በኮሮና ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በሽታውን ድራሹን ያጠፋዋል እያለ ሲያዛምት የነበረው ማን ነው? ያልተማረው ገበሬ አይደለም። ስማርት ስልክ ያለው፣ ዲግሪ የያዘው ነው።

ደግሞ «እኔ ሐኪም አይደለሁ» አትበሉኝ። ሲቪል ኢንጂነሩ፣ በሰፈርህ ቦይ ተደፍኖ ውኃው ሲረጋ፣ ትንኟ እንቁላሏን ስትጥልበት እያየህ ዝም ትላለህ? ቋንቋ የተማርሽው፣ የጤና መልእክቱ በሲዳምኛ ወይም በጉሙዝኛ ለእናቶች በሚገባ አነጋገር እንዲደርስ ያንቺ እጅ ያስፈልጋል። አካውንታንቱ፣ ወረዳው የመጣለት አጎበር የት እንደገባ መጠየቅ ትችላለህ። አጎበሩ ገለባ መሸከሚያ ሲሆን ያየ መምህርም ተማሪዎቹን ይዞ ቤት ለቤት ሄዶ መስቀል ይችላል።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጣና በስተሰሜን፣ ደምቢያ ላይ ወባ ሺዎችን በፈጀችበት ማግሥት ነው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተከፈተው። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ወርደው እንዲማሩ ተደረገ። የጅማ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን ማኅበረሰብ ተኮር አድርጎ ተማሪውን ወደ መንደር ሲልክ ኖሯል። ተማሪ ወደ ሕዝብ የሚወርደው ዘመቻ ሲታወጅ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

«ኮስት ሼሪንጌን ከፍዬ ጨርሻለሁ» የሚለኝም አለ። የከፈልከው ከወጪው ከፊሉን ነው። የቀረውን አጎበር ያጣችው እናት ጭምር ከግብሯ ሸፍናልሃለች።

ግጭት ያለበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ጤና ኬላው የተዘረፈበት አካባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ሂዱና ሙቱ አልልም። ሰላም ያለበት ቀበሌስ ምን አጠፋ?

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ወባ ትበረታለች። ስለዚህ ከዚያ በፊት ተነሡ። በአንድ ጤና ኬላ ያሉ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው እንዲያገለግሉ ነው የተመደቡት። የቀበሌያችሁን ሠራተኛ ፈልጉና ደውሉላት። መመርመሪያ አላት? ኮአርተሙ ለስንት ቀን ይበቃታል? አጎበር ያልደረሰው ስንት ቤት ነው? መልሷን እዚያው የሠርግ ጥሪ በምትለጥፉበት ግሩፕ ላይ ለጥፉት። መድኃኒቱን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እስኪሰጣት ድረስ ተመላልሳችሁ ጠይቁላት፤ አጎበሩ ከሌለ አዋጥታችሁ ግዙ፣ ክረምት ዕረፍት የወጡት ተማሪዎች ደግሞ ቤት ለቤት ይስቀሉት።