ምላስዎ ይባረክ፣ ዶክተር!

በሽተኛ ገሣጭ ሐኪሞቻችን፣ ኑሩልን! መድኃኒት ቤት የጠፋውን ፈውስ በምላሳችሁ ታድሉናላችሁ፤ ያውም በነጻ።

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት ቀጠሮ ነበረኝ። ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል "ሲጋራውን አልተውክም አይደል?" አሉኝ። "ኧረ ዶክተር፣ ቀንሻለሁ፣ ከሃያ ወደ..." አላስጨረሱኝም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ አንድ ጥናት ሐኪሞች በሽተኛውን በአማካይ በ18 ሴኮንድ እንደሚያቋርጡት አሳይቶ ነበር። ቀርፋፎች! የእኔው ጀግና አራትም አልፈጀባቸው።

ከዚያማ ወረዱብኝ። ሳንባህ ጥላሸት ሆኗል አሉ። ሳንባዬን አላዩም፤ እኔንም አላዩም፤ ዓይናቸው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። "ልጆችህን ሜዳ ላይ በትነህ ልትሞት ነው!" አሉ። ልጅ የለኝም። እሳቸው ግን ትልቁን ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ጎዳና ላይ አዋሉት፤ ትንሿን ለዘመድ ሰጧት፤ የሌለችኝን ሚስቴን ለሌላ ዳሯት፤ እንጀራ አባትየው ደግሞ ክፉ ሆኖ አረፈው። እንባዬ መጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሰምቷል። ስወጣ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው "አይዞህ ልጄ፣ እነሱም ያድጋሉ" አሉኝ።

ደጅ ወጥቼ ሁለት አከታትዬ ለኮስኩ። አንዷን ለትልቁ፣ አንዷን ለትንሿ።

መቼም ምቀኛ አይታጣም። ዊልያም ሚለር የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ አማካሪው ጠጪውን በተጋፈጠው ቁጥር ሰውየው ከዓመት በኋላ አብዝቶ ሲጠጣ ተገኘ። እሱ የሚለው "መተው የፈለግከው ለምንድነው?" ብለህ ጠይቅ፣ ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጥ ነው። ዝም ማለት! ነጭ ጋዋን ለብሶ!

እዚህ ጋ ግን ሳቄ ይጠፋል። የማውቃት የስኳር ታማሚ ክኒኑ ሆዷን ሲረብሻት አቆመችው። ለሐኪሟ "በሰዓቱ እወስዳለሁ" አለች፣ ቁጣውን ፈርታ። ስኳሯ አልወርድ ሲል እሱ መጠኑን ጨመረ። ማንን ነው ያከመው? ወረቀቱን? ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ "ምን ከበደሽ?" ማለት እንዴት ያቅተዋል!

የእኔ ቀጠሮ የዛሬ ወር ነው። "ትቻለሁ" እላቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው መዝገቡ ላይ ይጽፉታል። ልጆቹም ደህና ናቸው እላለሁ።