በቃጠሎ ክፍል ውስጥ በረዶ መወርወር፦ ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ በውጭ ያለው ወገናችን ለሀገር ቤት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ከሚያዋጣው ገንዘብ የተወሰነው ለቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር መግዣ ይዋል ወይስ አይዋል? ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በአማርኛ ምናባዊ እውነታ የሚባለው፣ ዓይንን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን መነጽር አማካይነት ሰውን በሌላ ዓለም ውስጥ ያለ ያህል የሚያስመስል ቴክኖሎጂ ነው። ጭንቅላት ሲዞር የሚታየው ዓለምም አብሮ ይዞራል። “ይዋል” የሚሉት አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ሠርተው አሁን በአሜሪካ ሲያትል የሚኖሩ ነርስ ናቸው። “አይዋል” የሚሉት በደቡብ ኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ናቸው።

ነርሷ፦

መምህር፣ ከቁጥሩ በፊት ክፍሉን ላሳይዎት። አዲስ አበባ፣ የቃጠሎ ክፍል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። የፈላ ሽሮ የተደፋባት የአምስት ዓመት ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። የቁስል ማጠቢያው ጋሪ አንደኛው ጎማው ይጮኻል፤ ልጅቷ ድምፁን ከኮሪደሩ ጫፍ ለይታ ታውቀዋለች። ጋሪው ሳይገባ ለቅሶው ይጀምራል። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አድሯል። በጨው ውሃ እያራስን እናላቅቀዋለን፣ የሞተውን ቆዳ በመቆንጠጫ እናነሳለን፣ እናጥባለን፣ ቅባት ቀብተን መልሰን እንጠቀልላለን። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ማስታገሻ ሲኖር እንሰጣለን። ቢኖርም ብቻውን አይበቃም፤ ኃይለኛው መድኃኒት ትንፋሽ ስለሚጫን በሕፃን ላይ እንደ ልብ አይጨመርም። የሚቀረን “አይዞሽ፣ ቻይው” ማለት ነው። ያቺን “ቻይው” የምትባል ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንዳልኳት እግዚአብሔር ይወቀው። ዛሬ ሳስባት ታመኛለች።

አሁን የምኖርባት ሲያትል ለዚህ ሥቃይ አንድ መልስ የተፈለገባት ከተማ ናት። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሀንተር ሆፍማን እና በሃርበርቪው ሕክምና ማዕከል የቃጠሎ ሕሙማንን ይረዱ የነበሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ፓተርሰን ሥራውን የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው። ሃርበርቪው ለሐበሻው እንግዳ ቤት አይደለም፤ የስደተኞችን ባህልና ቋንቋ ለሐኪሞች የሚያስረዳው፣ የአማርኛ ጽሑፎችም ያሉት ኢትኖሜድ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው እዚያው ነው።

የሆፍማንና የፓተርሰን ሐሳብ ቀላል ነበር። ሕመም እንዲሰማን ትኩረት ይፈልጋል። የሰው ትኩረት ደግሞ የተወሰነ ነው፤ አንድ ነገር አጥብቆ ከያዘው ለሕመሙ የሚተርፈው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት በቃጠሎ የተጎዱ ወጣቶች ቁስላቸው ሲታከም አንድ ጊዜ ተራ የቪዲዮ ጨዋታ፣ ሌላ ጊዜ መነጽሩን ተጠቀሙ፤ በመነጽሩ ጊዜ የተሰማቸው ሕመም በእጅጉ ያነሰ ነበር። ከዚያ ለቃጠሎ ሕሙማን ተብሎ ስኖው ወርልድ የተባለው የበረዶ ዓለም ተሠራ። ታካሚው በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ ፔንግዊኖችንና የበረዶ ሰዎችን በበረዶ ኳስ ይመታል፤ እሳትን የሚያስታውስ አንድም ነገር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2004 ስምንት ጤነኛ ፈቃደኞችን በጭንቅላት መቃኛ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው እግራቸውን በሙቀት ሲያሳምሟቸው፣ በበረዶው ዓለም ውስጥ ሳሉ ከሕመም ጋር በተያያዙ አምስት የአንጎል ክፍሎች ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ ቀነሰ። ስለዚህ “ደስ ስላላቸው ነው እንጂ ሕመሙ እንዳለ ነው” የሚለው ክርክር አያዋጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። የበረዶ ኳስ ለመወርወር እንግሊዝኛ አያስፈልግም። የእኛ ልጆች ደግሞ በረዶ ያውቃሉ፤ በክረምት ቆርቆሮውን እየደበደበ ሲወርድ ሮጠው ወጥተው ለቅመው የሚበሉት እነርሱ ናቸው።

መምህሩ፦

ሲስተር፣ የጋሪውን ጎማ ካነበብኩ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለ ሥቃዩ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። የምከራከረው ስለ መነጽሩ ነው።

መጀመሪያ የሰጡኝን ማስረጃ ልቁጠረው፦ ሁለት ወጣቶች፣ ስምንት ፈቃደኞች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት እንደተሠራ አውቃለሁ፣ ብዙዎቹም ትንንሽ ናቸው። ገንዘቡ ግን የእውነት ገንዘብ ነው። ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ያዋጣው ወገን አለበት።

ሁለተኛ፣ ትኩረት መውሰድ ብቻ ከሆነ ነገሩ እኛ ዘንድ የቆየ ብልሃት አለ። እናቴ እሾህ ስትነቅልልኝ “ተረት ተረት” ትለኝ ነበር፤ “የላም በረት” ብዬ ስመልስ መርፌው ገብቶ ወጥቷል። ይህ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ከአንዱ ሕመምተኛ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተዋህሲያን አያሸጋግርም። በቃጠሎ ክፍል ውስጥ ኢንፌክሽን ምን ያህል እንደሚገድል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ሦስተኛው የሚያንገበግበኝ ነው። እኔ በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት በእርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች ከነላስቲካቸው መጋዘን ተቀምጠው አቧራ ጠጥተዋል፤ መጥተው ሲመረቁ የተቆረጠው ሪባን ግን እስከ ዛሬ በር ላይ ታስሯል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ በድሃ ሀገራት ሆስፒታሎች ከተቆጠረው የሕክምና መሣሪያ ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ ነበር። መለዋወጫ የለም፣ የሚጠግን የለም፣ መመሪያውን የሚያነብ ሰው ተዛውሯል።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ክፍሌ ውስጥ 68 ተማሪዎች አሉ፤ የምንጋራው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። የሽንኩርት ሴል የምናይበት ቀን ዓመት በዓል ነው። ተማሪዋ ከሽንኩርቱ ውስጥ ያችን ቀጭን ልጣጭ በጥፍሯ ትልጣለች፤ ትቀደድባታለች፤ ደግማ ትልጣለች። በመስታወቱ ላይ ዘርግታ አዮዲን ጠብ ታደርግበታለች። መሸፈኛውን ስትጥለው የአየር አረፋ ይገባበታል፤ “መምህር፣ ሴሉን አየሁት!” ብላ የምትጮኸው አረፋውን አይታ ነው። ያን ጊዜ አረፋንና ሴልን መለየት ትማራለች። በመነጽር በሚታይ ምናባዊ ቤተ ሙከራ ግን ልጣጩ አይቀደድም፣ አረፋም አይገባም፣ ሁሉም ሴል ያምራል። ከአረፋው የሚገኘውን ትምህርት ከየት ታመጣለች?

ይህ የአንድ መምህር ትካዜ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ተመራማሪው ጊዶ ማክራንስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት 52 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድን ምናባዊ የሳይንስ ቤተ ሙከራ በመነጽርና በተራ የኮምፒውተር ስክሪን ተማሩበት። በመነጽር የነበሩት “እዚያው ያለን መሰለን” አሉ፤ የተማሩት ግን ያነሰ ሆነ። ጎግል ተማሪዎችን በካርቶን መነጽር ዓለምን የሚያዞርበትን ኤክስፔዲሽንስ የተባለ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ዘጋው። ትምህርቱን በእርሱ ላይ ያዘጋጀው መምህር ምን ይሁን?

ነርሷ፦

ስለ ትምህርቱ የጻፉት አሳምኖኛል። ያችን የአየር አረፋ ከእጅዎ አልነጥቅም።

ተረቱን ግን ልመልስልዎት። እኔም “ተረት ተረት” ብያለሁ፤ በሳግ መካከል “የላም በረት” የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። ተረት የሚገባው ግን በጆሮ ነው። የልጅቷ ዓይን ያለው መቆንጠጫው ላይ ነው። የእናቷን ፊት ታያለች፣ እናቷ ደግሞ እያለቀሰች ነው። ደም ታያለች፣ የገዛ ሥጋዋን ታያለች። መነጽሩ የሚያደርገው ተረት የማይችለውን ነው፤ ክፍሉን ከዓይኗ ያወጣዋል። ዓይኗን በጨርቅ ብንሸፍን የሚጠብቃት ጨለማና የሚመጣውን መጠበቅ ነው፤ ከዚያ የባሰ ፍርሃት አላውቅም።

ስለ ተዋህሲያኑ ልክ ነዎት፤ ፊቱ ለተቃጠለ ሰውም መነጽር ማጥለቅ አይሆንም። ለኢራቅ ጦርነት ቁስለኞች በተሠራው ጥናት ግን መነጽሩን በሚንቀሳቀስ ክንድ ላይ አንጠልጥለው ራስ ላይ ሳይታሰር ከዓይን ፊት አቁመውታል። አናጢና ብረት በያጅ ባለበት ሀገር ይህ የሚያቅት ነገር አይደለም። ዋጋውም ቀድሞ እንደነበረው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኩዌስት 2 የተባለው መነጽር መነሻ ዋጋው 299 ዶላር ነበር።

በሕክምና ትምህርትም ቢሆን ሁሉም ውድቅ አይደለም። በየል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ሥራ 16 የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ለሁለት ተከፈሉ። በምናባዊ መለማመጃ የሠለጠኑት የሐሞት ከረጢት የማላቀቁን ሥራ በ29 በመቶ ፈጥነው ሠሩ፤ ያልሠለጠኑት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ አካል የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ራሳቸው የተጣበቀ መንትዮች ሲለያዩ የለንደንና የብራዚል ሐኪሞች በመነጽር በአንድ ምናባዊ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ቀዶ ሕክምናውን ቀድመው ተለማምደውታል። በምርምርም ተመራማሪው ሜል ስሌተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በእውነተኛ ሰው ላይ ሊደረግ የማይገባውን ሙከራ በምናባዊ ሴት ላይ አደረጉ። ተሳታፊዎቹ ስትሳሳት በኤሌክትሪክ እንዲቀጧት ተነገራቸው። እውነተኛ እንዳልሆነች እያወቁ ሰውነታቸው ተጨነቀ።

መምህሩ፦

ሲስተር፣ የየሉ ሥራ የተሠራው በተራ ስክሪንና በመያዣ እጀታዎች ነው፤ ዓይንን በሚሸፍን መነጽር አይደለም። በዚህ ከተስማማን ለሠልጣኞቻችን የሚያስፈልገው ስክሪን፣ እጀታና ብዙ የልምምድ ሰዓት ነው። እግረ መንገዴን፣ እጅ ለተቆረጠና የሌለው እጁ ለሚያመው ሰው የአንጎል ተመራማሪው ቪላያኑር ራማቻንድራን በ1990ዎቹ የተጠቀመው በሳጥን ውስጥ የቆመ መስታወት ነበር። ጤነኛው እጅ በመስታወቱ ሲታይ አንጎል የጠፋው እጅ የተመለሰ ይመስለዋል። ከመርካቶ የሚገዛ መስታወት!

የስሌተርን ሙከራ ስላነሱልኝ ግን አመሰግናለሁ፤ ፍርሃቴን የሚናገረው እርሱ ነው። አእምሮ “ውሸት ነው” እያለ ሰውነት የሚያምን ከሆነ፣ መነጽሩ የሰውነትን እምነት በእጁ ይዟል ማለት ነው። ማን ነው የያዘው? በስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት 511 ሰዎች መነጽር አጥልቀው ቪዲዮ አዩ፤ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ የራስና የእጅ እንቅስቃሴያቸው ብቻ ማን ማን እንደሆነ 95 በመቶ በትክክል ተለየ። ስም አልተጠየቁም፤ ያሳበቀባቸው አንገታቸው ነው። እርስዎ በዋጋው ያመሰገኑት መነጽር ሲወጣ ደግሞ የፌስቡክ መለያ ካልተከፈተለት አይሠራም ነበር፤ ይህ ግዴታ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፣ በዚያው ዓመት ዋጋው 100 ዶላር ጨመረ። ያቺ የአምስት ዓመት ልጅ በሕይወቷ እጅግ በተሠቃየችባት ሰዓት እንዴት እንደተንቀሳቀሰች የሚመዘግብ መሣሪያ ፊቷ ላይ ልናስቀምጥ ነው። መዝገቡ የት ይሄዳል?

ቋንቋውም አለ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቬምበር ለቆየ የወገብ ሕመም የፈቀደው የመነጽር ሕክምና ስምንት ሳምንት የሚወስድ፣ በንግግር የሚያስተምር ነው። ጥሩ ውጤት እንዳለው አልክድም። ወገቧን ለሚያማት ለእናቴ ግን ማን በአማርኛ ይናገርላታል? የበረዶ ኳሱ ቋንቋ አይፈልግም ያሉት እውነት ነው፤ ከበረዶ ኳሱ ውጪ ያለው ሁሉ ግን ይፈልጋል።

ነርሷ፦

እሺ። የትምህርት ቤቱን ጥያቄ ትቻለሁ፣ የወገቡንም ትቻለሁ። የምጠይቀው ሁለት መነጽር ለአንድ የቃጠሎ ክፍል ነው። ከኢንተርኔት ጋር አይገናኙም፤ ጨዋታው አንድ ጊዜ ተጭኖ ይዘጋል። በሕሙማን መካከል በአልኮል የሚጠርግና ባትሪውን ማታ የሚሞላ፣ ስሙ በዝርዝር የተጻፈ አንድ ሠራተኛ ይኖራል። ማስታገሻው አይቀነስም፤ መነጽሩ የሚጨመርበት እንጂ የሚተካው አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው “አሁንማ መነጽር አለ” ተብሎ መድኃኒት የሚከለከልበት ቀን እንዳይመጣ ነው። ከእያንዳንዱ የቁስል ማጠቢያ በፊትና በኋላ ልጁ በወረቀት ላይ ከተሳሉት የሚስቁና የሚያለቅሱ ፊቶች አንዱን በጣቱ ያሳያል፤ ነርሷ የሕመሙን መጠን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር ትጽፋለች። ስድስት ወር። ቁጥሩ ካልወረደ መነጽሮቹን እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።

መምህሩ፦

በዚህ መንገድ ከሆነ ለአንድ ክፍል፣ ለስድስት ወር እስማማለሁ። መዝገቡ ግን በሲያትል ሳይሆን እዚሁ በሆስፒታሉ ይቀመጥ፤ ቁጥሩ ወረደም አልወረደም ያዋጣው ሰው ይነገረው። የምናባዊው ቤተ ሙከራ ገንዘብ ደግሞ ከቀረ፣ ማይክሮስኮፕ ላኩልኝ። በመስታወት ብርሃን የሚሠራ ዓይነት ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ በመስኮቱ አጠገብ እናስቀምጠዋለን።