ዝም ያለው ወረዳ ለምን ነጭ ይቀባል?

ሰሞኑን ስለ በግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ስርጭት በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ ካርታ ከፍተው አስረዱን። ቀዩ ወረዳ በሽታው የገባበት ነው። ነጩስ? ከዚያ ሪፖርት ስላልመጣ ነፃ ነው አሉ። በቃ!

በዚህ ሂሳብ ስልኩን ያጠፋ ሁሉ ዕዳ የለበትም።

እስቲ ሰኞ ባቲ ገበያ እንውረድ። ከአፋር ቆላ የመጣ ፍየል ከወሎ ደጋ ከወረደ በግ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይውላል። ነጋዴው ገዝቶ አይሱዙ ላይ ይጭናል። በሽታው ምልክቱን እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይፈጅበታል። ፍየሏ ስትጫን ደህና ናት። ኮምቦልቻን ስታልፍም ደህና ናት። በዓል ከሆነ አዲስ አበባ ገብታ ትታረዳለች፤ የሚያውቅም የለ። ለእርባታ የተገዛችውስ? ሌላ ወረዳ፣ ሌላ መንጋ ውስጥ ትገባለች። ሳምንት ሳይሞላ ንፍጧ ይዝረከረካል፣ አፏ ይቆስላል፣ ያስቀምጣታል። ገበሬው ሄዶ ቢናገር ምን ያገኛል? ገበያው ይዘጋበታል፣ ወረዳው ቀይ ይቀባል። አፉን የዘጋው ጎረቤት ወረዳ ግን ነጭ ሆኖ ሲሸጥ ይከርማል። እውነት የተናገረ የሚቀጣበት ካርታ ምኑን ነው የሚከታተለው? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ያ ካርታ ደብዳቤ ጻፊ ያለበትን ወረዳ ነው የሚያሳየው።

ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ2024 ግሪክና ሩማንያ ድረስ የዘለቀ በሽታ የኛን ወረዳ ወሰን አክብሮ ቆመ?

ነዳጅ የለም፣ ባለሙያ ያንሳል ይሉናል። ይሁን። ዋናውን፣ የከብቱን ደስታ በሽታ ያስወጣነው ነዳጅ ተርፎን ነበር እንዴ? (ለዚያ መዓት "ደስታ" የሚል ስም ያወጣለትን ሰው ባገኘው!) እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ በምጽዋ ገብቶ፣ የአገሩን ከብት ጠራርጎ፣ ክፉ ቀንን ያመጣብን እሱ ነው። መጨረሻ ላይ የተሸሸገው አፋር ውስጥ ነበር። እዚያ ሪፖርት እስኪመጣ ቢሮ የጠበቀ የለም። ከአርብቶ አደሩ መሃል ሰዎች ሰለጠኑ፤ ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው መንጋውን ተከተሉ። አፋር እኮ መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል። የት ዘነበ፣ የማን ከብት ታመመ፣ አንድ ሳይቀር ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ በሽታው እዚህ አገር አልታየም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

አሁን ደግሞ ደስታ መሰልን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል። በዚህ ካርታ?

ቢያንስ ግራጫ ቀለም ይጨመርበት። ሪፖርት ያልላከ ወረዳ ሁሉ ግራጫ ይቀባ። ኃላፊው ለሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ይዘው ይምጡና ነጭ ሆኖ የቀረውን አብረን እንቁጠር።