ማባዛት ነው ማካፈል?

ጅማ ውስጥ ማታ ማታ፣ ጀበናው ተጥዶ ቆሎው ሲዘገን፣ ከየበረንዳው አንድ ጥያቄ ይሰማል። «ጋሼ፣ ይሄ ማባዛት ነው ማካፈል?» ጠያቂው ልጅ የተጻፈውን አላነበበም። እርሳሱን አሹሎ ፍርድ ይጠብቃል። ጋሼም አላነበቡም፤ ግን ትልቅ ሰው «አላውቅም» አይልምና «አባዛው!» ብለው ስኒያቸውን ያነሳሉ።

የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ አውቶቡስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይነሣል። ሚኒባስ 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይከተለዋል። መቼ ይደርስበታል?

ልጁ ወፈር ወፈር ያሉትን ቁጥሮች መርጦ 40ን በ60 ያባዛና «2,400 ሰዓት» ብሎ ከሥሩ ሁለት መስመር ያሰምርበታል። 2,400 ሰዓት 100 ቀን ነው። በእንቁጣጣሽ የተነሣ ሚኒባስ አውቶቡሱን የሚያገኘው ታኅሣሥ 11 ቀን ነው ማለት ነው። ማንም አይደነግጥም። ማባዛቱ ልክ ነዋ!

ነቃ ያለው ተማሪ ደግሞ በሰዓቱ ይወድቃል። ከ12 ላይ 1 ቀንሶ «ሚኒባሱ 11 ሰዓት ዘግይቷል» ይላል። በ11 ሰዓት ውስጥ አውቶቡሱ በ40 ሲሄድ 440 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። ጅማና አዲስ አበባ የሚራራቁት 350 ያህል ነው፤ ስለዚህ ሚኒባሱ ገና ሞተር ሲያስነሣ ያኛው ተሳፋሪውን አራግፎ ታጥቦ ቆሟል። በእኛ ሰዓት የጠዋት 12 ዜሮ ነው። ጎህ ሲቀድ የሚጀምር ቆጠራ ያለው ሕዝብ በገዛ ሰዓቱ መውደቁ ነው የሚያበግነው።

የድሮ ቂም ያለው ግን ከመማሪያ መጽሐፉ አውቶቡስ ጋር ነው። ይህ አውቶቡስ «በቋሚ ፍጥነት» ይሄዳል። ቋሚ! የሚሄድ ነገር ቋሚ የሚባለው መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። ኬላ አያውቅም፣ ጎማ አይተነፍስበትም፣ ከብት አያቋርጠውም፤ የጊቤን በረሃ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ ሲወጣ እንኳ ያችኑ 40 ይዞ ነው። መናኸሪያ ያለው ዘመዱ ቋሚነቱ ሌላ ዓይነት ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! ሞልቷል!» እያለ ሁለት ሰዓት ያስቆመዋል፤ ሞልቷል የተባለው ወንበር ላይ የተቀመጡት ደግሞ የእሱው ወዳጆች ናቸው፣ እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ይህን ማታለል እንደ ሥራ ችሎታ መቁጠራችን ነውር ነው። ሒሳቡም ይበላሻል፦ 350 ኪሎ ሜትር በ7 ሰዓት ከተነዳ አማካዩ 50 ነው። የመናኸሪያው 2 ሰዓትና የቁርሱ 1 ሰዓት ሲታከሉ ጊዜው 10 ሰዓት፣ አማካዩ 35 ይሆናል። አማካይ ፍጥነት ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ነው፤ የቆሙበትም ይቆጠራል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ይህን በደንብ ያውቃል። እንቁላሉ 21 ቀን፣ ማለትም 504 ሰዓት፣ ዜሮ ላይ ነው። በ505ኛው ሰዓት ጫጩት ሆኖ አንድ ሜትር ቢራመድ አማካዩ በሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «ሞልቷል» ከተባለው ሚኒባስ ይፈጥናል።

አማካይ ከተነሣ፣ ደምሮ ለሁለት የሚያካፍለውንም ማለፍ አይቻልም። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ሽቅብ በእግር በሰዓት 3፣ ቁልቁል ሲመለሱ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ይኬዳል እንበል። «አማካዩ 4.5!» ይላል ሰውዬው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። ርቀቱን 6 ኪሎ ሜትር አድርጉለት፦ መውጣት 2 ሰዓት፣ መውረድ 1 ሰዓት፤ 12 ለ3፣ አራት። ርቀቱን ሌላ ብታደርጉትም አራት ነው። ዳገቱ ላይ የሚቆየው እጥፍ ጊዜ ስለሆነ ቀርፋፋው ፍጥነት ያመዝናል። ይህን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም፤ ጉልበት ይበቃል።

ከአጋሮ የሚመለሰውማ የባሰ ነው። 45 ኪሎ ሜትሩን በ30 አካፍሎ ስልኩ 1.5 ሲለው «1 ሰዓት ከ50» ብሎ ያነባል። አንዳንዱ «ከ5 ደቂቃ» ይላል። ነጥብ 5 የሰዓት ግማሽ፣ 30 ደቂቃ ነው። በተገላቢጦሽም 20 ደቂቃን 0.20 ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ለ60 ቢያካፍለው አንድ ሦስተኛ መሆኑን ያየው ነበር። ሳንቲም ለመቶ ስለሚመነዘር ደቂቃም ለመቶ ይመስለዋል።

ለካ ልጁ በረንዳ ላይ ቀርቷል። ቡናውም ቶና ደርሷል።

ሦስት ዓምድ ይሰመር፦ ፍጥነት፣ ጊዜ፣ ርቀት። ኤክስ ማን እንደሆነ በቃል ይጻፍ፦ «ሚኒባሱ የተጓዘበት ሰዓት»። አውቶቡሱ ቀድሞ ስለወጣ የእሱ ኤክስ ሲደመር 1 ነው። አንዱን ለዘገየው የሚጨምሩ አሉ፤ ያኔ ለአውቶቡሱ ጊዜ ከዜሮ በታች ሦስት ይወጣና ሚኒባሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ ደረሰበት ይሆናል። ሲደርስበት የሁለቱ ርቀት እኩል ነው፦ 40 ጊዜ (ኤክስ ሲደመር 1)፣ ከ60 ጊዜ ኤክስ ጋር። ኤክስ 2፤ ጠዋት 3 ሰዓት። አውቶቡሱ 3 ሰዓት በ40፣ 120፤ ሚኒባሱ 2 ሰዓት በ60፣ 120። ገጠመ።

እንዲያውም ያለ ኤክስ ይቻላል። በአንድ ሰዓት የተቀደመው 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየሰዓቱ የሚያጠበው ከ60 ላይ 40 ሲቀነስ 20 ነው። አርባ ለሃያ ሁለት።

«ለካ ማካፈል ነው!» ይላል ልጁ፣ 2,400ን በላጲስ እያጠፋ።

«ብዬህ ነበር» ይላሉ ጋሼ።