ሕመምን በሰዓትና በመቶኛ የሚለካው ቅጽ

በካናዳ ሥር የሰደደ ሕመም ይዞት የሚኖር ሰው የአካል ጉዳት የግብር ቅናሽ ለማግኘት ሲያመለክት፣ ቲ2201 የተባለውን ቅጽ የመጀመሪያ ክፍል ራሱ ይሞላል፤ ወሳኙን ክፍል ሐኪሙ ወይም ሕጉ የፈቀደለት ሌላ የጤና ባለሙያ ይሞላዋል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ደግሞ የካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ ነው። ብዙ አመልካቾች የበሽታቸው ስም ብቻውን በቂ ማስረጃ ይመስላቸዋል። ቅጹ የሚጠይቀው ግን በሽታው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሳይሆን፣ ሰውየው ለመራመድ፣ ለመልበስ፣ ለመመገብ፣ ለመጸዳዳት፣ ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመናገር ወይም ለዕለት ኑሮ በሚያስፈልጉ የአእምሮ ተግባራት ረገድ ምን ያህል እንደሚቸገር ነው። ችግሩም ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ መሆን አለበት። ሥራ መሥራትም ሆነ ቤት ማጽዳት በሕጉ ከመሠረታዊ ተግባራት አይቆጠሩም።

አንድ ዓይነት በሽታ አንዱን ሲያሽመደምድ ሌላውን በቀላሉ ሊያልፈው ስለሚችል፣ ጉዳትን በስሙ ሳይሆን በሚያደርሰው ችግር መመዘን ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅሬታዬ በሚዛኑ ላይ ነው። የገቢ ግብር ሕጉ ችግሩ «ሁልጊዜ ወይም ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ» መኖር እንዳለበትና ተግባሩ «ከመጠን ያለፈ ጊዜ» መውሰድ እንዳለበት ይናገራል እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም። የመጀመሪያውን ቢያንስ 90 በመቶ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በእኩያ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሰው ከሚወስድበት ሦስት እጥፍ ጊዜ ብሎ የሚተረጉመው ኤጀንሲው ነው።

ይህ ሚዛን ከቀን ወደ ቀን ለማይለዋወጥ ጉዳት ይሠራ ይሆናል። እንደ ሉፐስ፣ ክሮንስ ወይም መልቲፕል ስክሌሮሲስ ያለ የሚነሣና የሚወድቅ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሰኞ ደረጃ ወጥቶ ረቡዕ ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ እየተደገፈ ሊሄድ ይችላል። ሐኪሙ የሚያየውም ክሊኒኩ ድረስ መምጣት በቻለበት ቀን ነው። «ከመቶ ስንቱን ጊዜ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ደህና የሆነባቸውን ቀናት የማይደብቅ ሕመምተኛ ሐቀኝነቱ ራሱ ይጎዳዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ሐኪሙ እንዴት እንደሰነበትን ሲጠይቀን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ይህ ምስጋና በሕክምና መዝገቡ ላይ የጤንነት ማረጋገጫ ሆኖ ይሰፍራል፤ ከዓመታት በኋላ ቅጹን የሚሞላው ባለሙያም የሚያገላብጠው ያንኑ መዝገብ ነው። ስለዚህ ከማመልከት በፊት ለጥቂት ሳምንታት ልብስ መልበሱ፣ መታጠቡና መጸዳዳቱ በየቀኑ የወሰደውን ጊዜ ጽፎ ለሐኪሙ መስጠት፣ የምርመራ ውጤት ይዞ ከመሄድ የበለጠ ይረዳል።

ሕጉ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ በር ከፍቷል። በአንዱም ተግባር የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያልደረሰ፣ ነገር ግን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑት በጉልህ የተገደበ ሰው፣ የችግሮቹ ድምር በአንድ ተግባር ላይ ከሚደርስ ከባድ ገደብ ጋር እኩል ከሆነ ብቁ ይሆናል። ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም መራመዱንም መልበሱንም በአንድነት የሚያከብዱበት ሰው ስለዚህ የድምር ውጤት ሐኪሙን በግልጽ ሊያነጋግረው ይገባል። ችግሮቹ ግን አብረው መኖር ያለባቸው ያው «ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ» ስለሆነ፣ በዚህ በር የሚገባውም ሰው ከ90 በመቶው አያመልጥም።

ሕይወትን ለማቆየት ሕክምና ለሚከታተሉ ሰዎች ደግሞ ቆጠራው በሰዓት ነው፤ በሳምንት በአማካይ ቢያንስ 14 ሰዓት። ወደ ሕክምናው ለመጓዝም ሆነ መድኃኒት ለመግዛት የሚሄደው ጊዜ አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ኤጀንሲው አሠራሩን አጥብቆ፣ ቀደም ሲል ይፈቀድላቸው የነበሩ ብዙ የዓይነት 1 ስኳር ሕመምተኞችን ማመልከቻ ውድቅ አደረገ፤ ተቃውሞው ሲበረታ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ ቀድሞው አሠራር ተመለሰ። በ2022 ደግሞ ፓርላማው ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ከ2021 የግብር ዓመት ጀምሮ መስፈርቱን እንዳሟላ እንዲቆጠር ደነገገ። ለሌሎቹ ደግሞ ሕክምናውን በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ መከታተል የሚለው መስፈርት ወደ ሁለት ጊዜ ቢወርድም፣ 14ቱ ሰዓት እንዳለ ቀረ። አንድን ሕመምተኛ ከሰዓት ቆጠራ ማውጣት ፍትሕ ከሆነ፣ ኑሮው በማሽንና በመርፌ የተያዘ ሌላው ሕመምተኛ ለምን እንደሚቆጥር በቂ ምክንያት አላገኘሁም።

ጉዳዩ አሁን ከግብር አልፏል። ቅናሹ ከሚከፈል ግብር ላይ ብቻ የሚነሣ እንጂ በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ አይደለም። ለ2024 የቅናሹ ማስሊያ ሆኖ የተወሰነው 9,872 ዶላር በፌዴራል ግብር ላይ የሚያስቀንሰው ወደ 1,481 ዶላር ሲሆን፣ ግብር የማይደርስበት ድኻ ከዚህ ለራሱ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ ብዙው ለማመልከት አይነሣሣም ነበር። ቅጹ ሲጸድቅ የሚገኘው የምስክር ወረቀት ግን ለአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሒሳብ መክፈቻ ነው፤ በዚህም መንግሥት በሕይወት ዘመን እስከ 70,000 ዶላር ድጎማ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ደግሞ እስከ 20,000 ዶላር ተጨማሪ ይሰጣል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የሚከፈለው፣ ከ18 እስከ 64 ዓመት ላሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አካል ጉዳተኞች ሲጀመር በወር እስከ 200 ዶላር የነበረው የካናዳ የአካል ጉዳት ድጋፍም ያለዚሁ ምስክር ወረቀት አይገኝም። ለግብር ከፋይ የተሠራ ማጣሪያ ለእንጀራ ችግረኛው መግቢያ በር ሆኗል ማለት ነው።

ፓርላማው ለስኳር ሕመምተኞች ያደረገውን ዕድሜ ልክ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ሌሎችም ያድርግ። ኤጀንሲው ደግሞ የሚነሣና የሚወድቅ ሕመምን በአንድ ዓመት ውስጥ ባደረሰው ጉዳት እንጂ ከመቶ ስንት ቀን በታየበት አይመዝን። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ 90 በመቶ የሚለው ቁጥር ከሕጉ ሳይሆን ከራሱ መመሪያ የመጣ ነውና።