መርፌው ይጨመር፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ

ጎረቤቴ ልጇን ስታጥብ ብዙ ጊዜ አያታለሁ። አራት ዓመቱ ነው። ግራ እጁን እንደጨበጠ ነው የሚውለው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላ ትዘረጋና መዳፉን በሞቀ ውሃ ታጥብለታለች። ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ነው ብለዋታል፤ አንጎል በመጎዳቱ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ማለት ነው። የሚጥል በሽታም አለበት።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ሐዋሳ አኩፓንክቸር ይሞከርለት አሏት። በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠው የቻይና ሕክምና ማለት ነው። ልጇን አቅፋ በባጃጅ ተመላለሰች። ለገንዘቡ አልቆጭም። የሚያንገበግበኝ "ፌኖባርቢታሉን ተይው፣ መርፌው ይበቃዋል" መባሏ ነው። ፌኖባርቢታል የሚጥል በሽታው ክኒን ነው። ተወችው። ብዙም ሳይቆይ ሌሊት ልጁን ጣለው። ቶሎ አልለቀቀውም። "እትዬ፣ ድረሽልኝ!" እያለች በሬን ስትደበድብ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ሊብስ ይችላል። ሳያባራ ደጋግሞ ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአግባቡ ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ያቺ ርካሽ ክኒን ቀላል ነገር አይደለችም።

መርፌውን ጠልቼው አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ለሚጥል በሽታ ግን ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 አሥራ ሰባት ጥናቶችን መርምሮ፣ ማስረጃው አይደግፈውም ብሏል። የተጎዳ አንጎልንም መርፌ አይመልሰውም።

"ተጨማሪ ሕክምና" ይሉታል። ይሁን። ተጨማሪ የሚባለው ግን የሚጨመርበት ሲኖር ነው። የዚህ ልጅ ዋና ሕክምና ክኒኑ ነው፣ ፊዚዮቴራፒው ነው፣ እናቱ ማታ ማታ ፍራሽ ላይ የምታሠራው እንቅስቃሴ ነው።

እሷን እንዴት እወቅሳለሁ? ሆስፒታል ስትሄድ ግማሽ ቀን ተሰልፋ፣ ሁለት ደቂቃ ታይታ ትመለሳለች። መርፌ የሚወጋው ሰውዬ ግን ቁጭ ብሎ አወራት። ልጁን በስሙ ጠራው። ያመነችው ለዚህ ነው። ሐኪሞቻችን ይህንን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ልጅ ይዛችሁ ለመርፌ የምትሄዱ እናቶች፣ መርፌው አዲስና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚውል መሆኑን ዓይናችሁ እያየ ይከፈት። የምትሄዱበትንም ለልጁ ሐኪም ሳትደብቁ ንገሩ። "መድኃኒቱን ተዉ" ካሏችሁ ልጃችሁን አቅፋችሁ ውጡ።

ጎረቤቴ ሐኪሙን አማክራ ክኒኑን መልሳ ጀምራለች። ማታ በማንኪያ ስትደቁሰው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።